ከክፍል አሥራ ሁለት ያስመለጥኩት ሰው

እስር ቤትንና መዝናኛ ፓርክን በአንድ ትኬት የሸጠ የመጀመሪያው ሰው እኔ ነኝ። ከእኔ በፊት በዓለም ላይ አልነበረም። ባለቤቴ «ዓለምን ተዋት» ትለኛለች፤ እሺ፣ በዚህ መንገድ ላይ አልነበረም። ጠዋት ሙዚየም የሆነው የድሮው ወህኒ ቤት፣ ከሰዓት መዝናኛው፣ ሲመሻሽ ቤታችሁ። አውቶብሴ ሃያ አራት ሰው ትይዛለች፤ እኔ ሳወራ ሠላሳ ትሆናለች፤ ዳገት ስትወጣ የምታሰማውን ድምፅ የሰማ ግን አምሳ ነው ቢሉት ያምናል።

ሐሳቡ የመጣልኝ ከችግር ነው። መጀመሪያ የማስጎበኘው ወህኒ ቤቱን ብቻ ነበር። ሰው ጠዋት እየተንጫጫ ይገባል፤ ከሁለት ሰዓት በኋላ አንገቱን ደፍቶ ይወጣል። በመልስ መንገድ የምቀልደው ቀልድ ሁሉ ውኃ ይበላዋል። የእኔ ቀልድ! ድንጋይ የሚያስቅ ቀልድ! አንድ ቀን ጺሜን እየተላጨሁ፣ በዚያው መንገድ አርባ ደቂቃ ዝቅ ብሎ ያለው መዝናኛ ፓርክ ትዝ ሲለኝ ምላጩ ከእጄ ወደቀ። በሳምንቱ በአውቶብሷ ጎን ላይ «ታሪክና ጨዋታ በአንድ ቀን» ብዬ በቀይ ቀለም አስጻፍኩ። ወር ሳይሞላ መንገዱ በሰው ተጥለቀለቀ። ባለቤቴ፣ ትኬት የምትቆርጠውም ሰው የምትቆጥረውም እሷ ስለሆነች፣ «ሁለት ቅዳሜ ሞላ» ነው የምትለው።

እንከኑ ግን በመጀመሪያው ቀን ነው የታየው። ሰው ከዚያ ጨለማ ኮሪደር ወጥቶ፣ ሰዓት ሳይሞላ በሐዲድ ላይ እየጮኸ የሚወርድ ባቡር ላይ መሳፈር ይከብደዋል ለካ። አንዲት የስድስት ዓመት ልጅ የፓርኩ በር ላይ ቆማ አልገባም አለች።

«እዚያ የነበሩት ሰዎች መቼ ነው የሚወጡት?» ብላ ጠየቀች።

እናቷ እኔን አየችኝ። ሁሉም እኔን አየኝ። እኔ ደግሞ ሰው እያየኝ ዝም ማለት አልችልም፤ ሲፈጥረኝ ነው።

«አንዱማ ወጥቷል» አልኳት። «የክፍል አሥራ ሁለቱ። አምልጧል እኮ፣ አልሰማሽም?»

ልጅቷ እየዘለለች ገባች። ከዚያን ቀን ጀምሮ የክፍል አሥራ ሁለቱ ሰው በየቅዳሜው አመለጠ። መጀመሪያ በመስኮት አወጣሁት፤ አንድ መሐንዲስ ተሳፋሪ መስኮቱን በዓይኑ ለክቶ ሲስቅብኝ በቆሻሻ ልብስ ጋሪ አወጣሁት። ግድግዳው ላይ በምስማር የተጫሩት መስመሮች ወደ ግራ ስለሚያዘነብሉ ግራኝ አደረግሁት። መስመሮቹን አራት መቶ አልኳቸው። ቀጥሎ ድንበር አሻገርኩት። ብቻውን እንዳይሆን ሱቅ ከፈትኩለት። አንድ ነጋዴ በዓይኔ በብረቱ አየሁት አለኝ፣ ወፍሯል፣ ቦርጭ አውጥቷል፣ እያልኩ አሰፋሁት። ሰው እየሳቀ አውቶብስ ይገባል፤ እየሳቀ ፓርክ ይወርዳል። ከዚያ ሁሉ ሕዝብ አንድ ሰው ባስመልጥ ማንን ጎዳሁ?

ለምናገረው ሁሉ መዝጊያ «መቶ በመቶ!» ስለምል ደንበኞቼ ስሜን ረስተው መቶ በመቶ ነው የሚሉኝ።

ያን ቅዳሜ እትዬ ልብስ ሰፊዋ ለአራተኛ ጊዜ መጡ። በዕድሜ ስልሳ ስድስት፣ በአካል ቀጥ ያሉ፣ ጆሯቸው ላይ እርሳስ የማይለያቸው ሴት ናቸው። ፌንጣ የሚሏት የስምንት ዓመት የልጅ ልጅ አለቻቸው፤ ስሙ አለቦታው አልወጣም፤ አንድ መቀመጫ ላይ ሁለት ደቂቃ ተቀምጣ አታውቅም። ሁልጊዜ ከሾፌሩ ወንበር፣ ማለትም ከእኔ ጀርባ ይቀመጣሉ። ያን ቀን ጭናቸው ላይ የጨርቅ ከረጢት ነበር።

«አንተ» አለች ባለቤቴ ደረጃው ላይ ቆማ፣ ቀስ ብላ። «እኚህ ሴትዮ በአራት ቅዳሜ አራት ጊዜ፣ ምን ሊያዩ ነው?»

«እኔን!»

«አንተንማ እኔ በሃያ ስምንት ዓመት አይቼ ጨርሻለሁ፤ አራት ጊዜ የሚያስመጣ ነገር አላገኘሁም።»

ወህኒ ቤቱ ደረስን። እኔ ከፊት፣ ሃያ ሦስቱ ሰው ከኋላ። ግድግዳው ሦስት ሜትር ውፍረት አለው አልኩ። «አንድ ከስልሳ» አለች ባለቤቴ ከኋላ፣ ልማድ ሆኖባት። ክፍል አሥራ ሁለት ስንገባ ኮሌታዬን አስተካከልኩ። ክፍሉ አራት እርምጃ በሦስት ነው፤ ከላይ እጅ የማያሳልፍ መስኮት፣ ከታች ሲሚንቶ፣ በስተቀኝ ጭረቶቹ። ጀመርኩ። ጋሪውን ገፋሁት፣ ዘበኛውን አስነጠስኩት፣ ሰውየውን ከቆሻሻ ልብስ ሥር ትንፋሹን አስያዝኩት። እንደዚያን ቀን አሳምሬ አውርቼ አላውቅም። አንድ የጥርስ ሐኪም ከሦስት ልጆቹ ጋር መጥቶ ነበር፤ አጨበጨበ።

እትዬ አላጨበጨቡም። ቀረብ አሉኝ።

«ወንድሜ፣ ባለፈው ወፍሯል ብለህ ነበር። ምን ያህል?»

«ኧረ እትዬ! በበር በጎኑ ነው የሚገባው፤ መቶ በመቶ!»

እርሳሳቸውን ከጆሯቸው አወረዱና ከቁራጭ ወረቀት ላይ ቁጥር ጻፉ። ቁጥር! ገረመኝ፤ ግን ደስ አለኝ፤ የእኔን ንግግር የሚጽፍ ሰው አግኝቼ አላውቅም።

በዚህ መሐል የሙዚየሙ መዝገብ ያዥ በሩ ላይ ብቅ አለ። ይህ ሰው ከአንደበቱ ቃል ሲያወጣ ከኪሱ ገንዘብ የሚያወጣ ይመስለዋል። እኔን አልፎ እሳቸውን አያቸው።

«እትዬ፣ ዛሬ መጨረሻው ነው» አለ። «ሰኞ ድንጋይ ጠራቢው የመታሰቢያውን ድንጋይ ይጀምራል። ቤተሰብ ያልፈረመበት ስም አይቀረጽም። ወረቀቱ እኔ ጋ ነው ያለው፣ እንዳለ።»

«አልፈርምም አልኩህ እኮ ልጄ። እዚያ ድንጋይ ላይ የሚቀረጸው የሞተ ሰው ስም ነው። የእኔ ወንድም አምልጧል።»

«መዝገቡ የሚለው ወደ ክፍል አሥራ ሁለት ገባ፣ ከዚያ ተዛወረ ነው። ወዴት አይልም። ተዛወረ የተባሉት ሁሉ...»

«አውቃለሁ የተባሉትን። ልፈርም እስኪብርቶ ይዤ ነበር፣ አንተም ታስታውሳለህ። ግን ጎረቤቴ እዚህ ጎብኝታ መጣችና ነገረችኝ። የክፍል አሥራ ሁለቱ፣ ግራኙ፣ አምልጧል አለችኝ። ግራኝ ነበር ወንድሜ። አስተማሪው ግራ እጁን ሲያስርበት የፈታሁለት እኔ ነኝ።»

«ማነው አመለጠ ያለው?»

እትዬ እጃቸውን ዘረጉ። ወደ እኔ።

እኔ ያንን ሰው ስፈጥረው እህት አልፈጠርኩለትም ነበር። አባት የለው፣ እናት የለው፤ ከጋሪ ወጥቶ ሱቅ የገባ ሰው ነው። አሁን እህቱ ፊቴ ቆማለች።

«አንተ ከየት አገኘኸው?» አለኝ መዝገብ ያዡ።

«ከ... ከታማኝ ምንጭ» አልኩ። ከዚያ በኋላ የምለውን ሁሉም ያውቀዋል፤ ፌንጣ እንኳ አፏን ከፍታ ትጠብቃለች። አልወጣልኝም። በምትኩ ሳል መጣ፤ እንደዚያ የሚያጣድፍ ሳል ስለው የመጀመሪያዬ ነው።

መዝገብ ያዡ ሰዓቱን አየ። «እስከ አሥራ አንድ ሰዓት ቢሮዬ ነኝ» ብሎ ሄደ።

ከዚያ ወዲያ እግሬ አንድ ቦታ አልቆም አለ። ሰዉን እያጣደፍኩ አውቶብስ ውስጥ አስገባሁ፤ የቡድን ትኬቱ እስከ ስምንት ሰዓት ነው የሚሠራው፣ ቶሎ፣ ቶሎ! ባለቤቴ ሞተሩን ስቀሰቅስ ጆሮዬ ሥር መጣች።

«ንገራቸው።»

«ምኑን?»

«ምኑን ትለኛለህ? የፈለፈልከውን።»

«እየነዳሁ? ሰው ልፍጅ እንዴ? ፓርክ ስንደርስ።»

በመስታወቱ አያቸዋለሁ። ከረጢታቸውን ከፈቱ። ኮት ነው። ግራጫ፣ ገበሩ ሰማያዊ፣ የወንድ ኮት። ወደ እኔ ጎንበስ ብለው ያወራሉ፤ እኔ መንገዱን ሳይሆን መስታወቱን እያየሁ እነዳለሁ።

«ሥራ ሊጀምር ነበር፤ ለዚያ ቆረጥኩለት። ቅዳሜ ለመለካት ተቀጣጠርን፤ ሐሙስ ወሰዱት። ሃያ አራት ዓመቱ ነበር። ሠላሳ አራት ዓመት እንዳለ ሰቅዬው ኖርኩ፤ እጅጌው እንኳ አልተሰፋ። አንተ ያልከውን ከሰማሁ በኋላ ነው ያወረድኩት፤ እጅጌውን ሰፋሁለት። መጀመሪያ አንድ ጣት አሰፋሁት። ቦርጭ አውጥቷል ስትል ደግሞ ሁለት ጣት። ከጎኑ ጨርቅ ሲያልቅብኝ የዚያኑ ቀለም ፈልጌ ቀጠልኩበት። ሲመጣ ባይሆነው ይስቅብኛል። ይስቅብኝ ነበር ድሮም።»

«እ...ሂ» አልኩ። እኔ! ለሰላምታ እንኳ ሩብ ሰዓት የሚፈጅብኝ ሰው!

ኋላ የተቀመጠው ጥርስ ሐኪም ጮኸ፦ «ጋሼ መቶ በመቶ፣ ቀልድ የለም እንዴ ዛሬ? ልጆቹ ዝምታውን ፈሩት እኮ!»

«አርፈህ ተቀመጥ» አለችው ባለቤቴ። «መንገድ ላይ ነው።»

ፓርኩ ስንደርስ እነግራቸዋለሁ ብዬ ነበር። ስንደርስ ግን ልጆቹን ማሰለፍ ነበረብኝ። ከዚያ ጥርስ ሐኪሙን ሽንት ቤት ማሳየት ነበረብኝ፤ ምልክቱ ከፊቱ ተሰቅሏል፣ ቢሆንም ወሰድኩት። ከዚያ እትዬ ወደ እኔ ሲመጡ አየሁና የሐዲዱ ባቡር ላይ ዘልዬ ወጣሁ። እውነቱን ልንገራችሁ፣ ያንን ባቡር እፈራዋለሁ። ስድስት ዓመት ሰው ሳሳፍርበት አንድ ቀን አልወጣሁበትም፤ «ልቤ ለምዶት ሰለቸኝ» እያልኩ ነው የኖርኩት። ያን ቀን ሦስት ጊዜ ወጣሁ። ሲወርድ እጮሃለሁ፣ ሲቆም ዓይኔን እገልጣለሁ፣ እትዬ አጥሩ ሥር ቆመዋል፣ ሜትር አንገታቸው ላይ፣ ኮት ክንዳቸው ላይ። እንደገና ትኬት! በአራተኛው ላይ ትኬት ቆራጩ «አባቴ፣ ይበቃዎታል፤ ፊትዎ አረንጓዴ ሆኗል» ብሎ መለሰኝ።

ፌንጣ መጣችና እጄን ያዘች። «ትልቁን ጎማ ከእኛ ጋር ነው የምትወጣው። እማማ ብቻችንን አንወጣም ብላለች።»

ሰው በሳጥን በሳጥን ጭኖ የሚዞረው ትልቁ ጎማ ጋ ረጅም ሰልፍ ነበር። መሸሻ የለም፤ ከፊት ሰው፣ ከኋላ ሰው፣ በግራ በቀኝ የብረት አጥር።

«እስኪ ቁምልኝ ወንድሜ» አሉ እትዬ። «ዕድሜህ ስንት ነው?»

«አርባ አምስት።»

«አምሳ ስድስት» አለች ባለቤቴ ከአጥሩ ማዶ።

«እሱ አምሳ ስምንት ሞላው። ቁመታችሁ ይቀራረባል፤ እንዳየሁህ ነው ያልኩት። ክንድህን ዘርጋ።»

ዘረጋሁ። ትከሻዬን ለኩ፣ ጀርባዬን ለኩ፣ ቦርጬን ዞረው ለኩ፤ ጣታቸው ፈጣን ነው፣ እንደ ሐኪም አይነካህም ማለት ይቻላል። ከዚያ ኮቱን አለበሱኝና ፊት ለፊቴ ቆመው ቁልፉን ቆለፉ።

ልክክ አለ።

እስካሁን ለብሼ የማውቀው ኮት ሁሉ ወይ ያንቀኛል ወይ ይውጠኛል። ይሄኛው ግን ከትከሻዬ አንዲት ክር አላለፈም፤ ቦርጬ ላይ እንኳ አልተወጠረም። እንዴት ይወጠር? እኔው ነኝ በየቅዳሜው ያሰፋሁት። እሳቸው ሁለት እርምጃ ወደ ኋላ ብለው አዩኝ፤ እኔን ግን አይደለም ያዩት። ዓይናቸው ውስጥ ከውጭ አገር የመጣ፣ የወፈረ፣ ሱቅ ያለው ሰው ቆሟል።

«ይኸው» አሉ፣ ለራሳቸው። «ይሆነዋል።»

ባለቤቴን ዞሬ አየኋት። ሃያ ስምንት ዓመት ሙሉ ያላረመችኝ ያን ጊዜ ብቻ ነው።

ሦስታችን አንድ ሳጥን ውስጥ ገባን፤ ኮቱን እንደለበስኩ። ጎማው ተነሳ። ሰው ለመጫን በየመሐሉ ይቆማል፤ ይነሳል፣ ይቆማል። አናት ላይ ስንደርስ ቆመ፤ ሳጥኑ ይወዛወዛል፤ ፌንጣ ከዚህ ጠርዝ ወደዚያ ጠርዝ ትዘላለች።

«እትዬ።»

«አቤት።»

«ነጋዴ የለም።»

«የቱ ነጋዴ?»

«አየሁት አለኝ ያልኩት። ነጋዴ የሚባል የለም። ሱቅም የለም።»

ትንሽ አሰቡ። «ሱቅ ላይከፍት ይችላል። ንግድ አይችልበትም ነበር። ድንበሩን ሲሻገር ግን...»

«ድንበርም የለም እትዬ።»

«እና የት ቀረ? ከጋሪው ወርዶ የት ሄደ?»

«ጋሪውን ያመጣሁት እኔ ነኝ። በፊት በመስኮት ነበር፤ ሰው ሲስቅብኝ ነው ጋሪ ያደረግሁት። አንዲት ሕፃን አልገባም ብላ ቆመች፣ እኔም...»

«ቆይ» አሉ። እጃቸውን አነሱ፤ እንደ ትራፊክ ፖሊስ። «ቆይ። ግራኝነቱንስ? ግራኝ መሆኑን ማን ነገረህ? እኔ ለማንም አልነገርኩም። ማን ነገረህ?»

በሕይወቴ እንደዚያ ሰፊ በር ተከፍቶልኝ አያውቅም። አንድ ቃል ብቻ ነበር የሚበቃኝ። እሳቸውም ቃሉን ከአፌ ለመቀበል ወደ እኔ ዘንበል ብለዋል። ምላሴ እንኳ ተነስታ ነበር፤ ይዤ መለስኳት።

«ግድግዳው ነው» አልኩ። «መስመሮቹ ወደ ግራ ያዘነብላሉ። እነሱን እኔ አልጫርኳቸውም፤ እዚያው ነበሩ። ወንድምዎ ይሁን ሌላ ሰው አላውቅም፤ የጫራቸው ግራኝ ይመስለኛል። ከዚያ በላይ የማውቀው የለም። ማንም ሲያመልጥ ያየ ሰው አላውቅም። ሌላው ሁሉ ከእኔ ነው።»

«መቶ በመቶ?» አሉኝ። ያንን ቃል ከሰው አፍ ሲወጣ እንደዚያን ቀን ጠልቼው አላውቅም።

«አዎ እትዬ።»

«እማማ፣ ቤታችን ከዚህ ይታያል?» አለች ፌንጣ።

«አይታይም» አሏት። ከዚያ ወደ እኔ ሳያዩ፦ «ኮቱን አውልቅ።»

በዚያ በሚወዛወዝ ሳጥን ውስጥ ኮት ማውለቅ ቀላል እንዳይመስላችሁ። አንዱ እጅጌ ያዘኝ፣ ፌንጣ እየሳቀች ጎተተችልኝ። አጣጥፈው ጭናቸው ላይ አደረጉት። አላለቀሱም። ቢያለቅሱ፣ ቢሰድቡኝ፣ በጥፊ ቢሉኝ ይሻለኝ ነበር። ጎማው ደግሞ መውረድ ጀመረና መሬት ሊነካን ሲል አልፎን ተነሳ፤ ሦስት ዙር ነው ለካ! «አቁም! አውርደን!» ብዬ ጮህኩ። ማሽኑን የሚያንቀሳቅሰው ልጅ እግር እጁን አውለበለበልኝ፤ «አይዞዎት አባቴ፣ ዓይንዎን ይጨፍኑ!» ብሎ። ሰው ሁሉ ሳቀ። ሁለት ዙር እንዲሁ ዞርን፤ መርዶ ነጋሪና መርዶ ሰሚ፣ መሐላችን ፌንጣ።

ስንወርድ እትዬ የጠየቁኝ አንድ ነገር ብቻ ነው። «ስንት ሰዓት ነው?»

«ለአሥር አሥር ጉዳይ።»

«ያ ልጅ እስከ አሥራ አንድ ነኝ ብሏል።»

ባለቤቴ ሳልነግራት ገባት። «ሂዱ» አለች። «ሰዉን እኔ እይዛለሁ።»

«እንዴ፣ እኛስ?» አለ ጥርስ ሐኪሙ፣ ልጆቹን በሁለት እጁ ይዞ። «በምን ልንመለስ ነው?»

«አንተ ወንድሜ፣ ያንን ባቡር ወጥተሃል?» አለችው ባለቤቴ።

«አልወጣሁም።»

«እንግዲያው ውጣ።»

ባዶ አውቶብስ እንዴት እንደምትንኳኳ የሚያውቅ ሾፌር ብቻ ነው። ፌንጣ ከመጨረሻው ወንበር እስከ መጀመሪያው ትሮጣለች። አደባባዩ ላይ መኪና ቆልፎናል፤ የሞተሩ ሙቀት መርፌ ወደ ቀዩ ተጠግታለች። ሌላ ጊዜ ቢሆን በሰዓት መቶ ስልሳ ነዳሁ ባልኳችሁ ነበር። ከሰባ በላይ አትሄድም፤ ሰባ ሄደች። አሥራ አንድ ሊሆን ሰባት ደቂቃ ሲቀረው በሩ ላይ ደረስን። መዝገብ ያዡ ካፖርቱን ለብሶ ቁልፍ በእጁ ይዟል። ሲያየን በሩን መልሶ ከፈተ፣ መብራቱን አበራ፣ ቅጹን ከመሳቢያ አወጣ።

«እጄ ዛሬ መስመር አይይዝልኝም» አሉኝ እትዬ። «አንተ ጻፍ፤ እኔ እፈርማለሁ። እኔ ያልኩህን ብቻ።»

ጻፍኩ። ስም፣ ዕድሜ፣ ሥራ። የሞተበት ቀን፦ አይታወቅም። የሞተበት ሁኔታ፦ አይታወቅም። እዚያች ክፍት ቦታ ላይ እኔ እኮ በሌላ ቀን ሁለት ገጽ እጨምርባት ነበር። ከዚያ «በስፍራው መቆየቱን የሚያሳይ ምልክት ካለ» የሚል መጣ።

«ጭረቶቹ» አሉ እትዬ።

«ስንት ናቸው?» አለ መዝገብ ያዡ፣ ወደ እኔ ዞሮ። «አንተ ለሰው አራት መቶ ነው የምትለው።»

«አላውቅም» አልኩ። «ቆጥሬያቸው አላውቅም።»

ኮሪደሩን በእጅ ባትሪ ሄድን። ክፍል አሥራ ሁለት ያለ ሰው ሲሆን ጠባብ ነው፤ ለካ እኔ ነኝ በወሬ የማሰፋው። ፌንጣ ተንበርክካ ጣቷን በየመስመሩ እያሳረፈች ቆጠረች፤ ያን ጊዜ ብቻ አልዘለለችም። አርባ አንድ።

«ድገሚ» አሏት።

አርባ አንድ። የመጨረሻው ከሌሎቹ አይለይም፤ አላጠረም፣ አልተንጋደደም። ከእሱ ቀጥሎ ባዶ ግድግዳ ነው። ጥፍሬ አሳከከችኝ፤ አንዲት መስመር ብጨምርስ ብላ። እጄን ኪሴ ከተትኩ።

እትዬ መዳፋቸውን ግድግዳው ላይ አሳረፉ።

«ሁለት ወር ሙሉ በየቀኑ ያ በር ላይ ነበርኩ» አሉ። «ልብስ ይዤ። እዚህ የለም ይሉኝ ነበር። እንደዚህ ስም ያለው ሰው የለንም ይሉኝ ነበር።» መዳፋቸውን በመስመሮቹ ላይ አሳለፉ። «ነበረ ማለት ነው። እኔ እዚያ ቆሜ፣ እሱ እዚህ።»

ቢሮ ተመልሰን አርባ አንድ ብዬ ጻፍኩ። እሳቸው ፈረሙ። ቅጹ ግርጌ «ተጨማሪ መግለጫ» የሚል ስድስት መስመር ነበር። መዝገብ ያዡ እስኪብርቶውን እንዳልመልስለት የሚጠብቅ ይመስል ያየኛል። ስድስቱንም ባዶ ትቼ መለስኩለት።

ፀሐይ ስታዘቀዝቅ ወደ ፓርኩ ጉዞ ጀመርን። ከኋላዬ ከረጢቱ ተከፈተ። በመስታወቱ አየሁ፤ ኮቱን ገልብጠው ትንሿን መቀስ አወጡና ከጎኑ ስፌቱን መተርተር ጀመሩ። መጀመሪያ የተቀጠለችው ጨርቅ ወረደች። ከዚያ የሁለት ጣቱ ስፌት። ከዚያ የአንድ ጣቱ። ክሩን እየመዘዙ ለፌንጣ ይሰጧታል፤ እሷ በጣቷ ትጠቀልላለች።

«እማማ፣ ያ ሰውዬ ከሳ እንዴ?»

«አልከሳም» አሏት። «እንደነበረ ነው።»

ስልኬ ጮኸ፤ ባለቤቴ ናት፤ ጥርስ ሐኪሙ ባቡሩን ወጥቶ ተፍቶ አሁን ትኬት ይመለስልኝ እያለ ነው፣ የት ደረሳችሁ አለች። እየመጣን ነው አልኳት፣ ቶሎ ግን አትጠብቂኝ። መንገዱ ላይ ጉድጓድ አለ፤ መቀሱ ስለታም ነው። ከኋላዬ የተሰለፈው መኪና ሁሉ ጡሩምባውን ነፋብኝ፣ ያለፈኝ ሁሉ በመስኮት ሰደበኝ። እኔ ግን ያን መንገድ በሰዓት ሃያ ነው የነዳሁት። ሃያ ስል ሃያ ነው።